ውሃ ልክ

ባሕሩ ከጣራ ከፍ ብሎ ሲያድር፣
ሰው ከግድቡ ሥር ድንች በሚዘራበት በዜላንድ ምድር፣
አንድ የኅዳር ማታ፣
ንፋስ በር ሲመታ፣
አዳራሹ ሞላ በጭቃ ጫማና በትንባሆ ሽታ።
እኔ ጸሐፊው ከምድጃው ጥግ፣ ካፖርት ለብሼ፣
የሰው ቃል ላጠምድ ተቀምጫለሁ ብዕሬን አጥቅሼ።

አጀንዳው አንድ ነው፦ ውሃው ከፍ ብሏል? ወይስ አላለም?
ለግድብ ጥገና ግብር ይጨመር? ወይስ አይጨመርም?

ያኮሚና ቆመች፣ የመለኪያው ዘንግ ጠባቂ፣
እንደ ሟች አባቷ ቁጥር አጥባቂ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ጠዋትና ማታ፣
ከዘንጉ ያነበበችውን ከጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፦
"ስንዝር ጨምሯል" አለች፤ "ይኸው በግልጥ፤
ቁጥር አያጎበድድ፣ ቁጥር አይለወጥ።"

ሌንደርት ተነሣ፣ ቆቡን ይዞ በእጁ፤
ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ስድስት አፍ ይጠብቀዋል ከደጁ።
"በሙላት ሰሞን" አለ "ማዕበሉ የሚነካው፣
ከመብራት ማማው ሥር አያቴ ያሳየኝ፣ እኔም የማየው፣
ያው ሦስተኛው ደረጃ ነው።
ስንዝር ጨመረ ካልሽ፣ አራተኛው ድንጋይ ለምን ደረቅ ነው?"

ከዚያማ ወሬው ከውሃው ወጣ፤
ሰው ላይ ሰፈረ፤ ሆድ ውስጥ የከረመ ሁሉ መጣ።
"ደሞዝሽ እንዳይቀር ነው ውሃ የምታሳድጊው!"
"አንተስ ከመቼ ወዲህ ነው ፊደል የቆጠርከው?"
"ልኳን አሳያት!" ይላል ከኋላ አንዱ፤
"ልኩን ንገሪው!" ይላሉ ከወዲያ የተናደዱ።
ልክ የሚለው ቃል መቶ ጊዜ ተጠራ፤
ለመለካት ግን የተነሣ የለም ከዚያ ሁሉ ጎራ።

መምህሩ፣ ደግ ሰው፣ ጠብ የማይወድ፦
"ለእሷም እውነቷ ነው፣ ለእሱም እውነቱ፤ እንግዲህ በአንድ
ቃል ተስማምተን፣ ግማሽ ስንዝር ብለን ወደ ቤት እንሂድ።"
ሳቅ ሆነ፤ እጅ ወጣ፤ ሃያ ስምንት ድምፅ።
እኔም "ግማሽ ስንዝር" ብዬ ጻፍኩ፣ በሚያምር ቅርፅ።
ባሕሩ ግን ውጭ ነው፤ ስንመርጥ አልነበረም፤
ውሳኔ አይደርሰውም።

ሰው ኮቱን ሲያነሣ፣ ሌንደርት ግን ቆመ፤
ጠፍቶበት እንደሚፈልግ ሰው ፊቱ ጨለመ።
"ያኮሚና" አለ፣ እንደ ጠያቂ እንጂ እንደ ነገረኛ ሳይሆን፣
"ያ ዘንግሽ... ምስማሩ የተመታው ከምን ላይ ይሆን?"

አፏን ከፈተች። ዘጋች።
"ከግድቡ" አለች።

ያን ዝምታ የሚጽፍ ፊደል አላገኘሁም።
ልትከራከር ትችል ነበር፤ አልተከራከረችም።
ሻርፗን ደርባ፣ ፋኖስ አንሥታ ወጣች፤
"ግንበኛው፣ ውሃ ልክህን ያዝ" ብቻ ነው ያለች።

በዝናብ፣ በጭቃ፣ ሠላሳ ያህል ሰው
ከማማው እስከ ግድብ ሲባጎ ወጥሮ ያዘው።
ማማው የቆመበት ግንድ፣ ከጭቃው አልፎ
የኖረው ጽኑ አሸዋ ተደግፎ፤
ግድቡ ግን የሸክላ አፈር ነው፤ በራሱ ክብደት የሚሰምጥ።
ግንበኛው ጎንበስ አለ፤ በብርጭቆዋ ውስጥ
የአየር እንክብሏ ወዲያ ስትል፣ ወዲህ ስትል፣
ሁላችን ትንፋሽ ዋጥን፤ ቆመች በመሐል።
ፋኖሱን ሌንደርት ያዘ፤ እሷ ቁጥሩን አነበበች፦
ውሃው አልጨመረም፤ ስንዝሯም አልጠፋች፤
ግድቡ ነው የሰመጠ፤ ዘንጉን ይዞ፣ እኛን ተሸክሞ፣ ቀስ ብሎ፣
በእያንዳንዳችን እንቅልፍ ውስጥ፣ በየሌሊቱ ጥቂት ጎድሎ።

ሌንደርት በሳምንቱ ግብሩን ከፈለ፤
ሲከፍል ተራገመ፣ ሳንቲሙን እየቆጠረ፣ "ለአፈር ነው" እያለ።
እሷ መዝገቧን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ፣
በየኅዳጉ "ይጣራ" ብላ ጻፈች፣ በቀይ፣ ሳታፍር፣ በተራ።
እኔም ተመልሼ ቃለ ጉባኤዬን ገለጥኩ፤
"ግማሽ ስንዝር" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩ።
ምላጭ ነበረኝ፤ ፍቆ ማጥፋት አያቅተኝ፤
ስርዙን ግን ተውኩት፣ ከኋላ የሚመጣ ሰው አንብቦ፣ ካጠፋሁ፣ እኔንም እንዲያርመኝ።